ተውባው ዛሬ፣ መላቀቁ በሐኪም እጅ፦ ሱስና የአእምሮ ሕመም ሲደራረቡ

ረመዳን በተቃረበ ቁጥር በየሰፈራችን የምናየው ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ ሲጠጣ የከረመ ወንድም ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ይላል። እናት ዱዓ ታደርጋለች፣ የመስጂድ ጓደኞቹ ያበረታቱታል፣ ጎረቤት «ማሻ አላህ» ይላል። ከሐራም መመለስን የመሰለ ነገር ስለሌለ ደስታው ተገቢ ነው። ፈተናው የሚመጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ቆይቶም ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያል። ቤተሰቡ ይደናገጥና «ጂን ያዘው» ይላል። አንዳንዱ በር ቆልፎበት «ይወጣለታል» ብሎ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ወደ ሩቅያ ቤት ይወስደዋል። ሆስፒታል የሚታሰበው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው።

ተውባ በአንድ አፍታ የሚወሰን የልብ ጉዳይ ነው። ሰውነት ለዓመታት ከለመደው ነገር መላቀቁ ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት የሚፈጅ የሕክምና ጉዳይ ነው። ሰውየው ከሱሱ ሌላ ድብርት፣ ባይፖላር ወይም ስኪዞፍሬኒያ ካለበት አደጋው ይጨምራል። ሁለቱን እያምታታን «ኢማኑ ጠንካራ ከሆነ ያቆማል» በሚል ብቻ የምንሸኛቸው ወንድሞችና እህቶች አሉ። በዚህ ጽሑፍ ለምን እንዲህ ማድረግ እንደሌለብን፣ እንደ ማኅበረሰብም ምን ልንሠራ እንደምንችል እንመለከታለን።

ማቆም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ሰውነት ለሁሉም ሱስ አስያዥ ነገር በአንድ ዓይነት መንገድ ምላሽ የማይሰጥ መሆኑ ነው።

አልኮል አንጎልን የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው አንጎል ይህን ቅዝቃዜ ለመቋቋም ራሱን ከፍ ባለ ፍጥነት ማሠራት ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቆም ፍሬኑ የተነሳበት መኪና ይሆናል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡና የልብ ምት መጨመሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ሰውየው የሚጥል በሽታ ኖሮበት ባያውቅም እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ በአንዳንዶች ላይ ሐኪሞች ዲሊሪየም ትሬመንስ የሚሉት ከባድ ሁኔታ ይመጣል፤ ራስን መሳት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ከፍተኛ ትኩሳትና የደም ግፊት። ይህ ሕክምና ካላገኘ ይገድላል። «ጂን ያዘው» የምንልበት ሦስተኛው ቀን ከዚህ ሰዓት ጋር መግጠሙን ልብ ይበሉ።

እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍና የማረጋጊያ ክኒኖችን ለወራት የወሰደ ሰውም በድንገት ቢያቆም ተመሳሳይ አደጋ ይገጥመዋል። እነዚህ የሚቆሙት መጠናቸው ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።

ትራማዶልና መሰል የሕመም ማስታገሻዎች መልካቸው ሌላ ነው። ሰውነትን መቆረጣጠም፣ ተቅማጥ፣ ማዛጋትና እንቅልፍ ማጣት ያስከትላሉ። ያሰቃያል እንጂ ጤነኛውን ሰው ብዙ ጊዜ አይገድለውም። እዚህ ላይ ትልቁ አደጋ ያለው ካቆሙ በኋላ ነው። ለሳምንታት የራቀ ሰው ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን የመቋቋም አቅም ያጣል፤ ተሸንፎ የበፊቱን ያህል ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

ጫትን ያቆመ ሰው መጫጫን፣ የመንፈስ መውረድ፣ ሀራራና ዱካክ ያስቸግረዋል። ጫት መተው በራሱ ሕይወት አያሳጣም። ነገር ግን የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ያ የመንፈስ መውረድ ቀላል ላይሆን ይችላል፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

ከበርጫ ወደ ጨብሲ፣ ከጨብሲ ወደ ክኒን

በኛ ማኅበረሰብ ሱስና የአእምሮ ሕመም የሚገናኙበት መንገድ ብዙ ጊዜ በጫት በኩል ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎልን የሚያነቃቃ ነው። በጠዋቱ ኢጃባና የጀመረ፣ ከሰዓት በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ምርቃናውን ለመስበር አንዱ ወደ ጨብሲ ይሄዳል፣ ሌላው ከፋርማሲ ክኒን ይገዛል። እንዲህ እያለ በጫት የጀመረው ወጣት በሦስት ነገር ተይዞ ይገኛል። «እኔ እኮ ጫት ብቻ ነው የምቅመው» የሚለው ሰው ሦስቱንም በአንድ ቀን ሊተዋቸው ሲነሳ አደገኛው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

ከአእምሮ ሕመም የሚነሱም አሉ። በጭንቀት የሚሰቃየው በመጠጥ ለመረጋጋት ይሞክራል። ድብርት ያለበት በጫት ለመነቃቃት ይሞክራል። ለጊዜው የረዳው ይመስለዋል፤ ውሎ አድሮ ሕመሙም ሱሱም ይብሳሉ። በተቃራኒው አብዝቶ መቃም ለሥነ አእምሮ መታወክ እንደሚያጋልጥ፣ ስኪዞፍሬኒያ ላለበት ሰው ደግሞ የሻለውን ሕመም እንደሚቀሰቅስ ሐኪሞች ያስረዳሉ። ለዚህ ሕመም የሚሰጡት መድኃኒቶች የሚሠሩት አንጎል ውስጥ ያለውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር በመግታት ነው። ጫት ደግሞ ያንኑ ይጨምራል። ጠዋት ክኒኑን ውጦ ከሰዓት የሚቅም ሰው በአንድ እጁ የሚሠራውን በሌላው እያፈረሰ ነው።

ስለ ጫት ሸሪዓዊ ብይን ዑለማዎቻችን ለዘመናት ተወያይተዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መካ የኖሩት ታላቁ የሻፊዒያ ዓሊም ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ በጉዳዩ ላይ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈዋል። የቀማሾቹ ምስክርነት እርስ በርሱ ስለተጋጨባቸው በእርግጠኝነት ሐራም ነው ከማለት ተቆጥበው መራቁን መክረዋል። እኛ እዚህ ብይን ለመስጠት አልተነሳንም። ነገር ግን ብይኑ ያኔም የተንጠለጠለው ጉዳቱን በሚያውቁ ሰዎች ምስክርነት ላይ እንደነበር እናስተውል። ዛሬ የአእምሮ ሕመም ስላለበት ሰው ከሐኪም የበለጠ የቀረበ ምስክር የለም። ለዚህ ሰው ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ጉዳት መወገድ እንዳለበት ደግሞ በፊቅህ መሠረታዊ ደንብ ነው።

ሁለቱ ሲደራረቡ ምን ይከብዳል?

የመጀመሪያው ክብደት ምልክቶቹ መመሳሰላቸው ነው። የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው ስኪዞፍሬኒያ ሊኖርበት፣ መጠጥ በማቆሙ የመጣ ሊሆን፣ ወይም ከጫት ብዛት የተነሳ ሊሆን ይችላል። የሦስቱ ሕክምና ይለያያል። ለምሳሌ በመጠጥ ማቆም ምክንያት የተረበሸን ሰው «አበደ» ብሎ ክሎርፕሮማዚን ብቻ መስጠት የሚጥለውን አደጋ ሊያባብስ ይችላል፤ መድኃኒቱ ለዚህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ አንጎልን የበለጠ ያጋልጣልና። የትኛው እንደሆነ የሚለየው መቼ ምን ያህል እንደወሰደ፣ መቼ እንዳቆመ፣ ከዚያ በፊት ሕመም እንደነበረው በመጠየቅና በመከታተል ነው። ከሱሱ የመጣ መታወክ አብዛኛውን ጊዜ ካቆሙ በኋላ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ ሕመሙ የራሱ ሥር እንዳለው ይጠረጠራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «እብድ ነው» ማለትም «ሱሰኛ ብቻ ነው» ማለትም መቸኮል ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት መቋረጡ ነው። «ከሱስ ሁሉ ልንጻ» ብሎ የተነሳ ሰው የአእምሮ ሕመም ክኒኑንም እንደ ሱስ ቆጥሮ ይጥለዋል። አንዳንዴ ይህን የሚመክሩት እኛው ነን፤ «ይሄን ክኒን ካልተውክ አትድንም» እንላለን። በአንድ ሳምንት ውስጥ መጠጡም ጫቱም መድኃኒቱም የቆመበት ሰው ሕመሙ ቢያገረሽ ሊያስደንቀን አይገባም።

ሦስተኛውና ስናነሳው የሚከብደን ራስን የማጥፋት ሐሳብ ነው። ካቆሙ በኋላ ባሉት ቀናት የሚመጣው የመንፈስ መውረድ ድብርት ያለበትን ሰው ወደ ጨለማ ሊገፋው ይችላል። በእነዚህ ቀናት ሰውየውን ብቻውን መተው፣ ክፍል ውስጥ መቆለፍና በነቀፋ ማድከም አደገኛ ነው። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ከኢማን ድክመት ነው ብለን ሳንገስጸው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ልንወስደው ይገባል።

በሐኪም ክትትል ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ሆስፒታል ሲባል መታሰርና በመርፌ መደንዘዝ ይመስለዋል። በትክክል የተደራጀ የማላቀቅ ሕክምና ግን እንዲህ ነው። መጀመሪያ ታሪኩ በዝርዝር ይጠየቃል፤ የሚወሰዱት ነገሮች ሁሉ፣ የሌሎች በሽታዎች ታሪክ፣ የአእምሮ ሕመም ምልክቶች። ለመጠጥ ከሆነ ዳያዜፓም ወይም መሰሉ ይሰጠውና በየቀኑ እየተቀነሰ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ይቆማል። የደም ግፊቱ፣ የልብ ምቱና ትኩሳቱ በየሰዓታቱ ይለካል።

እዚህ ላይ ለቤተሰብ የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። ለዓመታት የጠጣ ሰው ሰውነት ቫይታሚን ቢ1 ያጥረዋል። «ደክሟል፣ ግሉኮስ ይሰቀልለት» ብለን ወደ ቅርብ ክሊኒክ ስንወስደው፣ ቫይታሚኑ ሳይሰጠው ግሉኮስ ብቻ ከገባለት አንጎሉ ላይ ዘላቂ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ማፈሩን ትተን «ይጠጣ ነበር» ብለን ለባለሙያው መንገር አለብን። ለሰው ስም በማዘን የምንደብቀው ነገር ሰውየውን ሊጎዳው ይችላል።

የአእምሮ ሕመም ካለበት መድኃኒቱ ይቀጥላል ወይም በሐኪም ይስተካከላል እንጂ አይጣልም። የሰውነቱ ሁኔታ ሲረጋጋ ደግሞ ዋናው ሥራ ይጀመራል፤ ምክር፣ የቤተሰብ ውይይት፣ ክትትል። ማላቀቅ በር መክፈት ብቻ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው መንገድ ካልተያዘ ሰውየው ወደነበረበት ይመለሳል፤ ያኔ «ሕክምናውም አልሠራም» እንላለን።

ያለን አቅም

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ሲነሳ አማኑኤል ሆስፒታል ቀድሞ ይጠቀሳል። ለአሥርት ዓመታት አገሪቱን በሙሉ ሲያገለግል የኖረ፣ መርካቶ አካባቢ ከታላቁ አንዋር መስጂድ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ተቋም ነው። ዛሬ በሌሎች ሪፈራል ሆስፒታሎችና እንደ ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የአእምሮ ጤና ክፍተትን ለመድፈን ይፋ ያደረገው መርሐ ግብር ሐሳቡ የአእምሮ ሕመምም የመጠጥና የዕፅ ችግርም በተራ ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች እንዲታይ ነው። ኢትዮጵያም ይህን መንገድ ተቀብላ እ.ኤ.አ. በ2012 ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አውጥታለች።

በወረቀት ላይ ያለውና መሬት ላይ ያለው ግን ይራራቃሉ። ለማላቀቅ ሕክምና የተለየ አልጋ ያላቸው ተቋማት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም በትልልቅ ከተሞች ነው ያሉት። ከባሌ፣ ከወሎ ወይም ከስልጤ ገጠር የሚመጣ ቤተሰብ ለትራንስፖርት፣ ለማደሪያና ለአስታማሚ የሚያወጣው ከሕክምናው ይበልጥበታል።

በዚህ ክፍተት በግል ማገገሚያ ማዕከላትና በሩቅያ ቤቶች የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ቅን አገልግሎት የሚሰጡ አሉ። ሐኪም በሌለበት «በ40 ቀን እናድናለን» የሚሉም ሊያጋጥሙን ይችላሉ። ቤተሰብ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ጥቂት ነገር ነው። ፈቃድ አላችሁ? ሌሊት ቢጥለው ማን ያየዋል? የአእምሮ ሐኪም የሚያየው በየስንት ጊዜው ነው? የሚወስደውን መድኃኒት ታስቀጥላላችሁ? ታካሚ ታስራላችሁ ወይም ትመታላችሁ? ልንጎበኘው እንችላለን? ለእነዚህ ግልጽ መልስ የሌለው ቦታ ልጃችንን የምንሰጥበት ቦታ አይደለም።

ሩቅያና ሕክምና ባላንጣ ናቸውን?

ሩቅያ በሱንና የጸና ነው፤ ይህን የሚያናንቅ ቃል እዚህ አይገኝም። በዚያው ሱንና ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዝዘዋል፤ አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንዳላወረደም አስተምረዋል። ሁለቱን ያጋጨነው እኛ ነን። ቁርኣን የሚቀራለት ሰው ክኒኑን ቢውጥ ተወኩሉን የሚያጎድል ነገር የለም።

የቀደምቶቻችን ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በአንድ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ነፍስም እንደ አካል እንደምትታመምና እንደምትታከም አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ የተሠራው የሱልጣን ቀላዉን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው፤ ወጪውም በወቅፍ ይሸፈን ነበር። በዘመናችን ሳዑዲ ዓረቢያ በ1980ዎቹ ያቋቋመቻቸው የአል-አመል ሆስፒታሎች የሱስ ሕክምናን ይሰጣሉ፤ በሕክምና ቡድናቸው ውስጥም የሃይማኖት መካሪ አለ። በማሌዥያ ዋና ከተማ ኩዋላ ላምፑር እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ መስጂድ በሐኪሞች ክትትል የሚሰጥ የሱስ ሕክምና በግቢው ማስተናገድ ጀምሯል። እነዚህ አገሮች ዲናቸውን አልጣሉም፤ ሐኪሙንና ኢማሙን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

የኸምር ክልከላ በደረጃ መውረዱንም እናስታውስ። ዛሬ ብይኑ ተሟልቷል፣ «ቀስ እያልኩ ልጠጣ» ለማለት ሰበብ አይሆንም። ነገር ግን የሰውን ልጅ የፈጠረው አላህ (ሱ.ወ) የልማድን ክብደት አውቆ ባሮቹን እንዴት እንደመራ ያሳየናል። በሱስ የተያዘን ሰው ስንመክር ያ ርኅራኄ ከአንደበታችን ሊጠፋ አይገባም።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ከዑለማዎቻችንና ከኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ግልጽ መልስ የሚሹ ጥያቄዎች አሉ። ሆስፒታል ሁለት ቀን በሚርቅበት ገጠር ያለ ከባድ ጠጪ ሐኪም በስልክ «በድንገት አታቁም፣ እስክትደርስ ቀንስ» ቢለው በደሩራ ሕግ እንዴት ይታያል? የሚያደነዝዝ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ መውሰድስ? የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ የሚወስድ ሰው በረመዳን ምን ያድርግ? ለታመመ ሰው ጾምን ማፍጠር የተፈቀደ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ የአእምሮ ሕመምም ሕመም መሆኑን ግን ሁሉም ሰው አይቀበልም። ከሐኪሞች ጋር ተመክሮበት በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች የሚሰራጭ አጭር ፈትዋ ብዙ ሕይወት ያተርፋል።

ከኢማሞችና ከሩቅያ አድራጊዎች የምንጠብቀው ሦስት ነገር ነው። ለመጣው ሁሉ «ምን ትወስዳለህ? መቼ አቆምክ?» ብለው መጠየቅ፣ የሐኪም መድኃኒት አለማስቋረጥ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያተኩሰው፣ የጣለው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ሲያዩ ቂራአቱን ሳያቆሙም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መላክ። በየመስጂዱ ሚምበር ሥር የቅርቡ ሆስፒታል ስልክ ቢቀመጥ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው።

ባለሀብቶቻችን ደግሞ ዘካቸውን ሲያከፋፍሉ ይህን በር ያስቡበት። ለሕክምና የሚከፍለው የሌለው ድሃ፣ ለልጁ ሕክምና ተበድሮ በዕዳ የተያዘ አባት ከዘካ ባለመብቶች ውስጥ ናቸው። ለትራንስፖርትና ለአስታማሚ ማደሪያ የሚሆን የመስጂድ ፈንድ ለመጀመር ትልቅ ድርጅት አያስፈልግም፤ አንድ ጀማዓ ይበቃል።

በቤት ውስጥ ላለን ደግሞ። ወንድማችን ወይም እህታችን «በቃኝ» ሲሉን እንደሰት፣ እናመስግን፣ በዚያው ዕለት ደግሞ ሐኪም ዘንድ ይዘናቸው እንሂድ። ውሳኔው አይዘገይም፤ የሚፈጸምበት ቦታ ብቻ ነው የሚለወጠው። ሕክምናውን ጨርሶ ሲመለስ «ሱሰኛው» የሚለውን ስም ከአፋችን እናውጣ። ቢወድቅ እንደገና እንዲነሳ እጃችንን እንስጠው። ከተውባ በኋላ የወደቀ ሰው የተውባ በር አይዘጋበትም፤ የሆስፒታሉም በር እንዳይዘጋበት ማድረግ የኛ ድርሻ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፣ ቤተሰቦቻቸውን ሰብር ይስጥልን፣ የምንረዳዳበትን ልብ ይለግሰን። ወላሁ አዕለም።